ውዝፍ የሚያስመልስ ሰው፦ የዕዳ አሰባሰብ ቡድን መሪ ቅጥር በጂቡቲ ከተማ

የዕዳ አሰባሰብ ቡድን መሪ ስልክ ከሚደውሉትና በር ከሚያንኳኩት ሠራተኞች በላይ፣ ከፋይናንስ ኃላፊውና ከሕግ አማካሪው በታች የሚቀመጥ ሰው ነው። የተሸጠ ዕቃ፣ የተሰጠ አገልግሎት ወይም የተለቀቀ ብድር የመክፈያ ቀኑ ሲያልፍ ፋይሉ ወደ እሱ ክፍል ይዛወራል። ማን በቅድሚያ እንደሚጠየቅ፣ በምን ቃል እንደሚጠየቅ፣ ለማን ጊዜ እንደሚሰጥና የማን ጉዳይ ፍርድ ቤት እንደሚደርስ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። በመዋቅር ሠንጠረዥ ላይ ሲታይ መካከለኛ መደብ ነው። በተግባር ግን አንድ አነስተኛ አስመጪ በሥራው ይቀጥል ወይም ሱቁን ይዝጋ፣ አንድ ደመወዝተኛ ቤቱን ይዞ ይቆይ ወይም ይልቀቅ በዚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጂቡቲ ከተማ ይህን ሥራ በቅርበት ለማየት ትመቻለች። ከተማዋ የምትተዳደረው ዕቃ በማሳለፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው በወደቦቿ በኩል ይመላለሳል። የሚያልፈው ዕቃ ሁሉ የወደብ፣ የመርከብ፣ የመጋዘንና የማጓጓዣ ሒሳብ ይዞ ያልፋል። ከሒሳቡ ጥቂቱ በቀኑ ሳይከፈል ይቀራል፤ ያ ጥቂት ለብዙ ድርጅቶች የትርፍና የኪሳራ ልዩነት ነው።

ዕዳው ከየት ይመጣል

በከተማዋ መሐል በላጋርድ አደባባይ ዙሪያ የቆዩት ባንኮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ አገሪቱ የነበሯት የንግድ ባንኮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ከአሥር በላይ ደርሷል። ተበዳሪያቸው በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነው። ደመወዙ በሒሳቡ በኩል ስለሚያልፍ ወርሃዊው ክፍያ ገና እጁ ሳይገባ ይቀነሳል። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ሥራ ሲለቅ፣ ሲታመም ወይም ደመወዙን ወደ ሌላ ባንክ ሲያዛውር ነው። የባንኮቹ ቁጥር ከበዛ በኋላ መዛወሩ ቀሏል።

መብራት፣ ውሃና ስልክም የራሳቸው ውዝፍ አላቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ሁሉ የመብራት ሒሳቡ ይንራል። ከጂቡቲ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተዘረጋው መስመር ከኢትዮጵያ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ባልባላ ወይም ኤሮን ሰፈር ያልተከፈለ አንድ ሒሳብ ከድንበር ማዶ ያለ ሌላ ተሰብሳቢ ሒሳብንም ሊያዘገይ ይችላል።

የከተማዋ ልዩ ዕዳ ግን የወደቡ ነው። አንድ ኮንቴይነር ዶራሌ ወደብ ላይ ከተራገፈ በኋላ ያለ ክፍያ የሚቆይባቸው የተወሰኑ ቀናት አሉት። ቀናቱ ሲያልቁ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ መቆጠር ይጀምራል፤ በዶላር፣ በየቀኑ፣ በሰንበትም በበዓልም ሳያርፍ። ዕቃው በፍጥነት እንዲወጣ ዕቃ አስለቃቂው ትራንዚተር የመርከብ ድርጅቱንና የወደቡን ሒሳብ በራሱ ገንዘብ ይከፍልና በኋላ ለደንበኛው ደረሰኙን ይልካል። ዕቃው አዲስ አበባ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ባለዕቃው እንደ መጀመሪያው ቀን ቸኩሎ ስልክ አያነሳም። ጂቡቲ ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ትራንዚተሮች የሚያማርሩት በዚህ ነው፦ ዕቃው በእጃቸው ሳለ የሚለመኑት እነሱ ነበሩ፤ ካስረከቡ በኋላ ለማኞቹም እነሱ ይሆናሉ።

> ዕቃው በእጃቸው ሳለ የሚለመኑት እነሱ ነበሩ፤ ካስረከቡ በኋላ ለማኞቹም እነሱ ይሆናሉ።

የማይከፍል፣ መክፈል ያልቻለና ዶላር የሚጠብቅ

በየትኛውም አገር ጥሩ አስከፋይ ሁለት ሰዎችን ይለያል፤ እያለው የማይከፍለውንና ሳይኖረው ያልከፈለውን። ጂቡቲ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ። ገንዘቡ አለው፣ መክፈልም ይፈልጋል፤ ያለው ገንዘብ ግን ብር ነው።

የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ሒሳብ ከዶላር ጋር ታስሮ ቆይቷል። ለጂቡቲ ድርጅት ዶላርና ፍራንክ አንድ ገንዘብ ያህል ናቸው ማለት ይቻላል። ለኢትዮጵያዊው ደንበኛ ግን ዶላር ወረፋ ነው፤ የባንክ ፈቃድ ነው፤ የሰነድ ክምር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ዲመሬጅ የቆጠረበት አስመጪ ዕዳው በዶላር ሳይጨምር በብር እጥፍ ሆነበት።

እንዲህ ያለውን ሰው እንደ አጭበርባሪ እየደወሉ ማስጨነቅ ገንዘቡን አያፈጥነውም፤ ደንበኛውን ወደ ሌላ ትራንዚተር ይሰደዋል እንጂ። ፋይዳ ያለው ሥራ ሌላ ነው። ለባንኩ የሚያስፈልገው ደረሰኝ በትክክለኛው ስምና መጠን ተዘጋጅቶ እንዲደርሰው ማድረግ፣ ጥያቄው በባንኩ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በየሳምንቱ መከታተል፣ እስከዚያው ዕዳውን በጽሑፍ እንዲያምን ማስፈረም። ይህን የማያውቅ ሰው የቡድኑ መሪ ከሆነ ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ይደውላሉ፤ ገቢው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የጂቡቲ ቀጣሪዎች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስላል። የሚፈልጉት ድምፁ የሚያስፈራ ሰው ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ባለዕዳውን ከባለዕዳ የሚለይ ሰው ነው።

የላባቱ ደብተሮች

ዕዳ የማስመለስ ሥራ ግማሹ ሰነድ መሆኑን ይህ አካባቢ ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ ላይ ሰፈረ። ከሸሪኩ ከፒዬር ላባቱ ጋር ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያቀርብ ተዋውሎ ነበር። ላባቱ በመካከሉ ሞተ። ራምቦ ቅፍለቱን ብቻውን እየመራ እ.ኤ.አ. በ1887 የካቲት ገደማ ሸዋ ሲደርስ ግን የሟቹ ዕዳ ቀድሞት ነበር። ምኒልክ ጠመንጃውን በዝቅተኛ ዋጋ ወሰዱ፤ ላባቱ የነበረበትንም ዕዳ ከክፍያው ላይ ቀነሱ። ሌሎች አበዳሪ ነን ባዮችም የእኛስ እያሉ ከበቡት። የቀረውን ገንዘብ ያገኘው በእጁ ሳይሆን አዲስ ወደተያዘችው ሐረር፣ ወደ ገዥው ወደ መኮንን በተጻፈ የክፍያ ትእዛዝ ነበር።

ራምቦ ዓደን ለነበረው የፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ላይ የላባቱን 34 የማስታወሻ ደብተሮች ማቃጠሉን ይናገራል፤ በመካከላቸው የንብረት ሰነዶች እንደነበሩ ያወቀው ግን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ከጠፋ ጠያቂን ማስተባበልም ሆነ ማመን በቃል ብቻ ይሆናል።

ዛሬም የሚከሽፉ የማስከፈል ጥረቶች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ነው፤ ያልተፈረመ የማስረከቢያ ወረቀት፣ በስልክ ተስማምተው ያልጻፉት ቅናሽ፣ ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት የጠፋ የክትትል መዝገብ። ስለዚህ ለመደቡ ከሚፈተነው ችሎታ ቀዳሚው ፋይል አያያዝ መሆን ይገባዋል። የእያንዳንዱ ጥሪ ቀን፣ ያነሳው ሰው ስም፣ የገባው ቃልና ቃሉ የሚያልቅበት ቀን የማይመዘገብበት ክፍል ይርጋ እስኪያግደው ድረስ ሲደውል ይኖራል።

የክፍሉ ቀን

በጂቡቲ ከተማ ሥራ በጠዋት ይጀመራል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ይበልጥ ይቀድማል። አስከፋዮቹ ፋይላቸውን ከፍተው ስልክ የሚያነሱት ከተማው ገና ሳይግል ነው። ሠራተኛን በመሥሪያ ቤቱ፣ ነጋዴን በሱቁ ማግኘት የሚቻለው ከረፋዱ በፊት ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ በየዕለቱ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት ወደ ሰፈሮቹ ሲደርስ መንገዱ ጭር ይላል። ልምድ ያላቸው አስከፋዮች በዚህ ሰዓት የተገባ ቃል ለማግሥቱ እንደማይደርስ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ለደብዳቤ፣ ለሒሳብ ማስታረቅና ለመዝገብ ይተዉታል። ዓርብ ዝግ ነው። የወሩ መጨረሻ ግን ሁሉም ነገር የሚሰበሰብበት ነው፤ ደመወዝ በገባ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ያልተገኘ ደመወዝተኛ እስከሚቀጥለው ወር አይገኝም።

ከተማዋ የራሷ ጥንታዊ አስከፋዮችም አሏት። በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ጫት የሚሸጡት ሴቶች ለታወቀ ደንበኛ በዱቤ ይሰጣሉ፤ ወር ሲደርስ ይቀበላሉ። ደንበኛው የት እንደሚሠራ፣ ደመወዙ መቼ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያከብረው ያውቃሉ፤ ካልከፈለም ማን ዘንድ ሄደው እንደሚናገሩ ያውቃሉ። የባንክ ብድር ክፍል በብዙ ቅጽ የሚሰበስበውን መረጃ እነሱ በሰፈር ኑሮ ይዘውታል። ለቡድን መሪነት ከሚወዳደሩት መካከል እንዲህ ካለ ገበያ የወጣ ሰው ሲገኝ የትምህርት ማስረጃው አነስተኛ ነው ተብሎ ባይጣል መልካም ነው።

ቋንቋውም የዚሁ አካል ነው። ደብዳቤው በፈረንሳይኛ ይጻፋል፤ ስልኩ በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ይነገራል፤ የየመኑ ነጋዴ በዐረብኛ፣ የአዲስ አበባው አስመጪ በአማርኛ ይመልሳል። አንድ ሰው ሁሉንም አይችልም። መሪው የሚጠበቅበት ቡድኑን አሰባጥሮ ማዋቀርና ከባዱን ፋይል ለሚመጥነው ቋንቋ ባለቤት መስጠት ነው።

ከደብዳቤ እስከ ዊሲዬ

በኢትዮጵያ ባንክ በመያዣነት የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ እንዲችል አዋጅ ቁጥር 97/1990 ሥልጣን ሰጥቶታል። ከዚያ ልምድ ወደ ጂቡቲ የሚሻገር ባለሙያ ይህን መንገድ ቢፈልገው አያገኘውም። የጂቡቲ ሕግ የፈረንሳይን ሥርዓት ተከትሎ የተሠራ ነው። ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ማስታወቂያን በሕጋዊ መንገድ የሚያደርሰውና ፍርድን የሚያስፈጽመው ዊሲዬ የሚባለው ባለሥልጣን ይመጣል፤ ክርክር ካለ ፍርድ ቤት አለ። እያንዳንዱ እርምጃ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ዊሲዬን በትንሽ ዕዳ ላይ የሚልክ መሪ ከሚያስመልሰው በላይ ያወጣል፤ በትልቅ ዕዳ ላይ የሚዘገይ ደግሞ ሌሎች አበዳሪዎች ንብረቱን ቀድመውት ያገኙታል።

ከሕጉ ጎን የሽማግሌ መንገድ አለ። በሶማሌም በአፋርም ባህል የአንድ ሰው ግዴታ የጎሳውን ክብር ይነካል፤ ኦካል የሚባሉት የጎሳ ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት ዓመት የሚፈጅበትን በአንድ ከሰዓት ሊያስታርቁ ይችላሉ። አደጋም አለው። የባለዕዳን ችግር ለዘመድ መንገር ሽምግልና የሚሆነው ባለዕዳው ሲፈቅድ ነው፤ ሳይፈቅድ ከተነገረ ማዋረድ ነው። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ በስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች በተበዳሪው ስልክ ውስጥ ወዳሉ ወዳጆችና ዘመዶች እየደወሉ እንዳያሳፍሩት ከልክሏል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ የሌላን ድርጅት ዕዳ የሚሰበስቡ ሰዎች ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይደውሉ አግዳለች። ድርጅቱ ራሱ ይህን መስመር በጽሑፍ ካላሰመረ መስመሩን የሚያሰምረው የቡድን መሪው ጠባይ ይሆናል።

> የባለዕዳን ችግር ለዘመድ መንገር ሽምግልና የሚሆነው ባለዕዳው ሲፈቅድ ነው።

ከተማዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የተከፈቱት እስላማዊ ባንኮች ሌላ እውቀት ይጠይቃሉ። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው ይሸጣል፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ክፍያው ቢዘገይም አይጨምርም። የመዘግየት ቅጣት ቢጣል እንኳ በተለመደው የሸሪዓ አማካሪዎች አሠራር ወደ በጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም። በወለድ ማስፈራራት የለመደ አስከፋይ እዚህ መሣሪያ የለውም። የሚቀረው ማሳመን፣ መከታተልና የተቸገረን በቅንነት ማስታመም ነው፤ የተቸገረ ባለዕዳን መጠበቅ ደግሞ በእምነቱ የታዘዘ ነው።

ማን ይቀጠር

በጂቡቲ የክፍት ሥራ ማስታወቂያና የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ አኔፊፕ በሚባለው ብሔራዊ የቅጥር ኤጀንሲ በኩል ያልፋል፤ ውሉ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የሥራ ሕግ ይገዛል። ይህ የቢሮ ሥራ ነው። ከባዱ ምርጫው ነው።

ብዙ ድርጅት ብዙ ገንዘብ ያስገባውን አስከፋይ አንስቶ መሪ ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ውሳኔ ሁለት ነገር ይጠፋል፤ ድርጅቱ ጥሩ አስከፋዩን ያጣል፣ ቡድኑም የማይመራ መሪ ያገኛል። ራሱ ደውሎ የማስከፈል ጥበብ ያለው ሰው ሌላው ሲደውል ማዳመጥ፣ ማረምና ማበረታታት ላይ ብዙ ጊዜ ትዕግሥት የለውም። ከባዱን ፋይል ነጥቆ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ከሥሩ ያሉት ሳይማሩ ይቀራሉ። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ከተማውን እስኪያውቅ ወራት ይፈጃል። ሁለቱ ሲመዘኑ ከውስጥ የተገኘ፣ ሌሎችን በማሰልጠን የታየ መካከለኛ አስከፋይ የተሻለ ነው።

ፈተናው በቃለ መጠይቅ ብቻ አይበቃም። ስማቸው የተሰረዘ ጥቂት እውነተኛ ፋይሎች ለተወዳዳሪው ቢሰጡት በአንድ ጠዋት ብዙ ይገለጣል። አንደኛው ሥራ የለቀቀ ደመወዝተኛ ይሁን፤ ሌላው ዶላር የሚጠብቅ አስመጪ፤ ሌላው ባለዕዳው ሞቶ ለባለቤቱ የቀረ ብድር። አንዱ ደግሞ ስህተቱ የድርጅቱ የራሱ የሆነበት ይሁን፤ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ዲመሬጅ ወይም ባልደረሰ ዕቃ ላይ የተቆረጠ ደረሰኝ። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ይህን ፋይል እንደ ሌሎቹ ለክስ ያዘጋጁታል። ደረሰኙን ከማስረከቢያው ጋር አስተያይቶ ደንበኛው ልክ ነው የሚለው ሰው ብርቅ ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ቀጥሎ የስልክ ፈተና አለ። ከቀጣሪዎቹ አንዱ የተቆጣ ባለዕዳ ሆኖ ይደውላል፤ ቢቻል በሶማሊኛ። መታየት ያለበት ተወዳዳሪው ምን ያህል እንደሚናገር ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደሚጠይቅና መቼ ዝም እንደሚል ነው። የቀድሞ ሥራው ሲጣራም አለቃው ብቻ መጠየቅ የለበትም፤ ከሥሩ የሠሩት ሰዎች ስለ እሱ የሚሉት የበለጠ ይመዝናል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ዝምድና የማይቀር ነው። ተወዳዳሪው ከባለዕዳዎቹ መካከል ዘመድ ቢኖረው ከውድድር አያስወጣውም፤ የሚያስወጣው ቢደብቅ ነው። ዘመድ የሆነበትን ፋይል በጽሑፍ አሳውቆ ለሌላ እንዲያስረክብ በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። በጥሬ ገንዘብ ላይም እንዲሁ። ደንበኛ ቤት የሚሄድ አስከፋይ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ ነገ ይደርስዎታል የሚልበት ክፍል ይዋል ይደር እንጂ ገንዘብ ይጎድልበታል። እንደ ዲ-መኒ ያሉ የስልክ ክፍያዎች ይህን ችግር አቅልለውታል፤ ሆኖም ተቀባዩና መዝጋቢው አንድ ሰው እንዳይሆን የሚያደርገው የመሪው ሥርዓት ነው።

ደመወዝ፣ ጉርሻና የሙከራ ጊዜ

ቡድኑ ባስገባው ገንዘብ መጠን ብቻ ጉርሻ የሚያገኝ መሪ ሁለት ነገር ማድረጉ አይቀርም። ቀላሉን ዕዳ እየመረጠ ይሰበስባል፤ ከባዱን ያስረጀዋል። ወር ሲያልቅም ሠራተኞቹን እንዲጮኹ ይገፋፋል። ጉርሻው ከገንዘቡ ሌላ የተጠበቀ ቃልን፣ መፍትሔ ያገኘ የሒሳብ ክርክርንና በክፍሉ ላይ የቀረበ አቤቱታን ቢያካትት የመሪው ቀን ሌላ መልክ ይይዛል። የሠራተኞቹ መቆየትም መለኪያ መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ስድብ የሚሰማ አስከፋይ ማታ ቤቱ የሚወስደው ሸክም አለ፤ ይህን የሚያይ መሪ ያለው ቡድን ሰው አይለቅበትም፤ ሰው የማይለቅበት ቡድን ደግሞ ደንበኞቹን በስም ያውቃል።

በሙከራው ጊዜ ከአዲሱ መሪ የሚጠበቀው የገቢ መጨመር ብቻ መሆን የለበትም። ውዝፉ ሁሉ በዕድሜና በምክንያት ተለይቶ መታየት አለበት፤ የድርጅቱ ስህተት የሆኑት ሒሳቦች ለሽያጭ ክፍል ተመልሰው እንዲታረሙ፣ ከቶ የማይመለሱትም ከመዝገብ እንዲሰረዙ ለአመራሩ መቅረብ አለባቸው። ይህን ያደረገ ሰው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የክፍሉን ውጤት ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ለዓመታት እንደሚመለስ ተቆጥሮ የኖረው ዕዳ እውነተኛ መጠኑ የሚታየው ያኔ ነውና። ሥራ አስኪያጁ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ትክክለኛውን ሰው በሙከራው ጊዜ ያሰናብተዋል።

በምደባ ደብዳቤው ላይ የሥልጣኑ ልክ በግልጽ ይጻፋል፦ ያለ ማንም ፈቃድ ለባለዕዳ እስከ ስንት ወር መክፈያ መስጠት እንደሚችል፣ እስከ ምን ያህል ቅጣት ማንሳት እንደሚችል፣ ከየትኛው መጠን በላይ ፋይል ወደ ዊሲዬ ከመሄዱ በፊት የሁለተኛ ሰው ፊርማ እንደሚያስፈልግ። ይህ ሳይጻፍ ከቀረ መሪው ለእያንዳንዱ ባለዕዳ ላለቃ ጠይቄ ልመለስ ይላል፤ ባለዕዳውም ከእሱ ጋር መነጋገሩን ትቶ በቀጥታ ላለቃው ይደውላል።